ለአራት ኪሎ ምን እንስጥ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ኬሚስትሪ ነው የተማርኩት። ያስተማሩን አንድ መምህር አምና አረፉ። አብረን የተማርን 13 ሰዎች በስማቸው አንድ ነገር እንሥራ ብለን 40 ሺህ ዶላር አዋጥተናል። ግማሾቹ ጥሩ ማሽን ገዝተን ስማቸውን እንለጥፍበት ይላሉ። ሌሎቹ ዋናው ገንዘብ ሳይነካ ትርፉ ብቻ በየዓመቱ የሚወጣበት ኢንዶውመንት ይቋቋም ባዮች ናቸው። እኔ መሃል ላይ ቆሜያለሁ። እርስዎም እዚያው ስላስተማሩ ምን ይመክሩናል? ስማቸውንስ የት እናኑረው? ኤ. ነኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ የሚያስታውስ ተማሪ ማፍራት ለመምህር ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ማሽኑ ልጀምር። ከአራት ኪሎ ከወጣሁ በኋላ ስሙን በማልጠራው ሌላ ዩኒቨርሲቲ ጥቂት ዓመታት አስተምሬያለሁ። ላቡ ውስጥ አንድ ስፔክትሮፎቶሜትር ነበረ፤ ናሙና ምን ያህል ብርሃን እንደሚመጥ የሚለካ ማሽን ነው። ከውጭ የመጣ ስጦታ ነው። የመጣ ቀን ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሳን፣ እኔም ደስ ብሎኝ አጨበጨብኩ። በሁለተኛው ዓመት ብርሃን የሚሰጠው የዲዩቴሪየም አምፖሉ ተቃጠለ። ይሄ አምፖል ዕድሜው በሰዓት ነው የሚቆጠረው፤ ከ1 ሺህ እስከ 2 ሺህ ሰዓት ቢሠራ ነው። ዋጋው በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። እኛ ደግሞ በጀታችን በብር ነው። ደብዳቤ ጻፍን፣ ግዢ ክፍል ተመላለስን፣ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ያዝን። ማሽኑ ሦስት ዓመት ጨርቅ ለብሶ ተቀመጠ። ተማሪዎቼ ስለ ብርሃን መምጠጥ የተማሩት በጥቁር ሰሌዳ ሥዕል ነው። ያ ነገር አሁንም ያንገበግበኛል።

ስለዚህ አዲስ ማሽን አትግዙ እላለሁ። አሜሪካ ያገለገለ ማሽን በርካሽ ተገኘ ብሎ መርከብ ላይ መጫንም አለ። የእናንተ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ትራንስፎርመር ቢገኝም መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚያቃጥለው ብዙ ነው። መለዋወጫውን የሚያውቅ ቴክኒሻን ከሌለ ደግሞ ዕቃው ከሳጥኑ ሳይወጣ ያረጃል።

ኢንዶውመንት የሚሉት ጓደኞችሽ ሐሳባቸው የተከበረ ነው፤ ታሪክም አለው። ሄንሪ ሉካስ የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1663 ሲሞት ኑዛዜ ተወ። መሬት ተገዝቶ በዓመት 100 ፓውንድ እንዲያስገባ፣ በዚያም ካምብሪጅ አንድ የሒሳብ ፕሮፌሰር እንዲያኖር ነበር። ወንበሩ ላይ በ1669 ኒውተን ተቀመጠበት፤ ከ1979 እስከ 2009 ደግሞ የፊዚክስ ሊቁ ስቲቨን ሆኪንግ። ዋናው ሳይነካ፣ ፍሬው ብቻ እየተበላ ማለት ይሄ ነው።

ግን ሒሳቡን እንየው። ኢንዶውመንት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ ከ4 እስከ 5 በመቶ ቢያወጡ ነው። የ40 ሺህ ዶላር 4 በመቶ 1,600 ዶላር ይሆናል። ፕሮፌሰር አያኖርም። በብር ከተቀመጠ ደግሞ ይባስ፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲባል 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። አሁን ይህን አስቢ፦ 13ታችሁ በወር አሥር አሥር ዶላር ብታዋጡ በዓመት 1,560 ዶላር ነው። የኢንዶውመንቱን ያህል ሆነ ማለት ነው፣ 40 ሺው ሳይነካ።

እዚህ ጋ ነው የእኔ ምክር። ዕድር ድንኳን ገዝቶ አይበተንም። በየወሩ ይሰበሰባል፣ በተፈለገ ቀን ይደርሳል። እናንተም እንደ ዕድር ሁኑ። 40 ሺውን ለአሥር ዓመት በዓመት 4 ሺህ አድርጋችሁ ከፋፍሉት። 2 ሺው ለሁለት የማስተርስ ተማሪዎች የምርምር ወጪ ይሁን፦ ለናሙና መሰብሰቢያ፣ ለአውቶቡስ፣ ለሶልቨንት (ለማሟሟያ ፈሳሽ)። 1,500ው ለመለዋወጫና ለኬሚካል፣ 500ው ለላብ ቴክኒሻኑ ሥልጠና። የወር መዋጮውን ከቀጠላችሁ አሥሩ ዓመት ይረዝማል። የመለዋወጫውን ዶላር ወደ ብር አትለውጡት፤ እዚያው ሆናችሁ ለአምራቹ በቀጥታ ክፈሉ። እዚህ ካለ መምህር ይልቅ የእናንተ ትልቁ ጥቅም ዶላራችሁ ወረፋ አለመያዙ ነው። ዕቃው ከመላኩ በፊት የቀረጡን ጉዳይ ዩኒቨርሲቲው ይጨርስ።

ገንዘቡ በዓመታት ይከፋፈል ብዬ ለምን አጥብቄ እንደምመክር ልንገርሽ። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ ወንዝ ዳር ሆነው፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወረድ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያዛምቱ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ለዚያ የሚያይ ዓይን በቃ። ከዚያ በኋላ ግን ፍሬውን ማድረቅ፣ መፍጨት፣ ውሃ ውስጥ ልኩን መፈለግ፣ ሌላ ነገር እንዳይጎዳ መፈተሽ መጣ። ከሥራ ባልደረባቸው ከለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት የተቀበሉት በ1989 ነው። መሃል ላይ 25 ዓመት አለ። ሪባን የማይቆረጥባቸው፣ ቤከርና ኬሚካል የሚያልቅባቸው ዓመታት። ለጋሽ የሚጠፋው ያኔ ነው።

ስዊድኖች ይህን ገብቷቸዋል። የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ዓለም አቀፍ የሳይንስ ፕሮግራም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው፤ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋርም ለረጅም ዓመታት ሠርቷል። በ«ሳንድዊች» አሠራራቸው የዶክትሬት ተማሪው ጥቂት ወር ስዊድን ይሠራ፣ ተመልሶ አገሩ ይቀጥል፣ ደግሞ ይሄድ ነበር። ሰው ተምሮ እዚያው እንዳይቀር የታሰበበት ነው።

ስለ ግብር አጭር ነገር። በቀጥታ ለአዲስ አበባ የላካችሁት ስጦታ ከአሜሪካ ፌዴራል ግብር አይቀነስላችሁም። እዚያው በተመዘገበ 501 ሲ 3 ድርጅት፣ ማለትም የአሜሪካ ግብር ሕግ በሚያውቀው የበጎ አድራጎት ድርጅት በኩል ይለፍ። የመሥሪያ ቤታችሁን ሰው ኃይልም ጠይቁ፤ ሠራተኛው የሰጠውን ያህል የሚጨምር አሠሪ አለ።

ገንዘቡ ከመንቀሳቀሱ በፊት ግን አንዳችሁ ስልክ ደውሉ። ለዲኑ ማሳወቅ ወግ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ የላብ ቴክኒሻኑን አግኙት። «የቆመ ማሽን አለ? ምን ጎድሎት?» በሉት። ዕቃውን በስሙ፣ በሞዴሉ፣ በመለዋወጫ ቁጥሩ ይነግራችኋል። የመጀመሪያው ዓመት 1,500 ዶላር ያ ዕቃ ላይ ይዋል።

ስማቸውን የት እናኑረው ላልሽው፣ በየዓመቱ ለሁለቱ ተማሪዎች በሚጻፈው ደብዳቤ ላይ ይሁን። መምህሩ ማን እንደነበሩ፣ ምን እንዳስተማሯችሁ አንድ አንቀጽ ጨምሩበት። ተማሪዎቹ ሲመረቁ በጽሑፋቸው የምስጋና ገጽ ላይ ስማቸውን ይጽፉታል። የመጀመሪያው ጽሑፍ ሲወጣ አንድ ቅጂ ላኪልኝ፣ ላነበው እፈልጋለሁ።