መልስ፦ የኢራቁ መረጃ ስህተት ነበር ወይስ ውሸት?

ወንድሜ አሜሪካ ኢራቅ ስትገባ ኢራቅ ጅምላ ጨራሽ መሣሪያ አላት ብላ ያቀረበችው መረጃ ስህተት ነው ወይስ ሆን ብለው የፈጠሩት ላልከው፣ እኔ ሁለቱም አለበት ባይ ነኝ። የያኔው የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓወል በፈረንጅ ፌብሯሪ 5፣ 2003 የተባበሩት መንግሥታት ጸጥታው ምክር ቤት ቀርቦ በመኪና ላይ ስለሚንቀሳቀስ የባዮሎጂ መሣሪያ ላብራቶሪ ሲያወራ ወሬው በዋናነት የመጣው «ከርቭቦል» ከሚሉት ጀርመን ከገባ አንድ ኢራቃዊ ስደተኛ ነው፣ አሜሪካኖቹ ደግሞ ራሳቸው በደንብ አልጠየቁትም፣ በጀርመን ስለላ በኩል ነው የሰሙት። ሰውዬው 2011 ላይ ዋሽቻለሁ ብሎ አመነ በቃ።

እዚህ ጅማ ቡና የሚነግድ ሰው ይሄ ቶሎ ይገባዋል። ሦስት ደላላ እየመጣ ዋጋ ሊጨምር ነው ይልሃል፣ አንተም ሦስት ሰው ካለማ እውነት ነው ብለህ ታከማቻለህ፣ በኋላ ስታጣራ ሦስቱም የሰሙት ከአንድ ሰው ነው (እኔ እንደዛ ተበልቻለሁ፣ ተወው)። የላብራቶሪው ወሬም እንደዛው በዋናነት ከአንድ ሰው የመጣ ነው፣ እሱን ስህተት ልበለው።

ኢራቅ ለኑክሌር መሣሪያ ልታውለው ነው የገዛችው የተባለው የአልሙኒየም ቱቦ ግን ይለያል። እዛ ላይ የራሳቸው ኢነርጂ መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች ለኑክሌር የሚሆን አይመስለንም ብለው በ2002ቱ የአሜሪካ የስለላ ግምገማ ሰነድ ተቃውሟቸውን አስፍረዋል፣ ሕዝብ ጋ ሲደርስ ግን ድምፁ ሰለለ። እሱን ስህተት ነው ብዬ አላልፈውም።

ኢራቅ ከኒጀር ዩራኒየም ልትገዛ ነበር የሚለው ወረቀትማ ፎርጅድ ነው፣ የያኔው የዓለም አቀፉ አቶሚክ ኤጀንሲ ኃላፊ ኤልባራዳይ ማርች 7 እዛው ምክር ቤት ላይ ትክክለኛ ሰነድ አይደለም ብሎ ተናገረ፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጦርነቱ ተጀመረ።