ክኒኑን ልደብቅባት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምጽፍልዎ ከሐዋሳ፣ ከአቶቴ ነው። ባለፈው ሳምንት አክስቴ ቤት «ቫሊ ኦፍ ዘ ዶልስ» የሚባል የድሮ ፊልም አየን። ሦስት ወጣት ሴቶች ዝናን ሲያሳድዱ የክኒን ሱስ ይይዛቸዋል። አክስቴ «የፈረንጅ ጣጣ ነው» አለች። እኔ ግን አለቀስኩ። ታላቅ እህቴ የምሽት ቤት ዘፋኝ ናት። ከሥራ በፊት ትቅማለች። ሌሊት ስትመለስ የእንቅልፍ ክኒን ትውጣለች። ስናገራት «ሱስ አይደለም፣ ሥራ ነው» ትለኛለች። ታሪኩ እውነት ነው? ክኒኑንስ ልደብቅባት?

መልስ፦ ልጄ፣ ከመጨረሻው ልነሳ። አትደብቂባት። እዚሁ ሐዋሳ መድኃኒት ቤት ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። የእንቅልፍ ክኒን ለወራት የለመደ ሰው ባንዴ ሲያቆም እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፉ ጨርሶ ይጠፋል። አንዳንዱን እንደ የሚጥል በሽታ ያንፈራግጠዋል። መጠኑ ቀስ በቀስ የሚቀነሰው በሐኪም ነው። ዛሬውኑ ልትነግሪያት የሚገባው ሌላ ነገር ነው፦ ክኒኑን ከመጠጥ ጋር እንዳትወስድ። ሁለቱ ሲገናኙ ትንፋሽ ሊያቆሙ ይችላሉ።

ወደ ፊልሙ ስመጣ፣ በጃክሊን ሱዛን ልቦለድ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1967 የተሠራ ነው። «ዶልስ» አሻንጉሊቶች ማለት ነው። ሴቶቹ ክኒኖቻቸውን የሚያቆላምጡበት ስም ነው። በእውነት እንደ ፊልም ብዙም አልወደውም፤ ጩኸቱ ይበዛል። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው የዊግ መንጠቁን ትዕይንት ነው። እኔ የማልረሳው ግን መጨረሻ ላይ ከሦስቱ ሴቶች አንዷ፣ ኒሊ፣ ከቲያትር ቤቱ ጀርባ ብቻዋን ሆና ስትጮህ ነው። ሰው ትጣራለች፣ እግዚአብሔርን ትጣራለች፣ በመጨረሻ የራሷን ስም ትጣራለች። የሚመጣላት የለም።

ታሪኩ ልቦለድ ነው፤ የከበቡት ሰዎች ኑሮ ግን ልቦለድ አልነበረም። በፊልሙ ውስጥ የአንጋፋዋን ኮከብ ቦታ መጀመሪያ የያዘችው አሜሪካዊቷ ዘፋኝና ተዋናይት ጁዲ ጋርላንድ ነበረች። ከሥራው አሰናበቷትና በሱዛን ሄይዋርድ ተኳት። ጁዲ በልጅነቷ ስቱዲዮ ውስጥ ለሥራ የሚያነቃ፣ ከሥራ በኋላ የሚያስተኛ ክኒን ይሰጧት እንደነበር ራሷ ተናግራለች። እ.ኤ.አ. በ1969 ለንደን ውስጥ ከመጠን ያለፈ የእንቅልፍ መድኃኒት ወስዳ ሞተች። ገና 47 ዓመቷ ነበር። ኒሊን የተጫወተችው ፓቲ ዱክም ብትሆን፣ አሳዳጊ ማናጀሮቿ በልጅነቷ መጠጥና መድኃኒት ይሰጧት እንደነበር በኋላ ጽፋለች።

አሁን አክስትሽን ልጠይቅልሽ። ምርቃናውን በጨብሲ መስበር የፈረንጅ ጣጣ ነው? አንዱ ያነቃል፣ ሌላው ያስተኛል። እነኒሊ በክኒን ያደረጉትን እኛ በጫትና በቢራ እናደርገዋለን። እህትሽ ደግሞ ሁለቱንም ይዛለች።

«ሥራ ነው» ስትልሽ እመኛት። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ ዘፍኖ የመጣ ሰው ጆሮው እየጮኸ አይተኛም። እኔም አንዲት ዘፋኝ ደንበኛ ነበረችኝ። ሁልጊዜ ልንዘጋ ስንል፣ ተኳኩላ ትመጣለች። አንድ ቀን ያለ ማዘዣ አንድ ስትሪፕ ሰጠኋት። ደክሟት ነበር፣ አሳዘነችኝ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ መጣች። ስከለክላት ሌላ ቦታ ሄደች። ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል። ምን ያህል ሌሊት እንደምትሠራ እንኳን አልጠየቅኋትም።

አንቺ ጠይቂያት። በሳምንት ስንት ሌሊት ትዘፍናለች? ድምፅዋ ሲዘጋ ማን ይተካታል? አንድ ሌሊት ብትቀር ደመወዟ ይቆረጣል? መልሱን ስትሰሚ ክኒኑ ከየት እንደመጣ ይገባሻል። ከዚያ አብረሻት ሐኪም ቤት ሂጂ። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ጫቱንም፣ ክኒኑንም፣ መጠጥ ካለም መጠጡን አንድ ሳትደብቅ ትንገራቸው። መድኃኒቱን በማሸጊያው ይዛ ትሂድ።

ማታ ልትወጣ ስትቸኩል ወይም መርቅና ሳለች እንዳታነሺባት። ሥራ የሌላት ቀን ረፋድ ላይ አሞራ ገደል ውሰጂያት። ዓሣ ብሉ። መጀመሪያ ስለ ዘፈኗ አውሪያት። የቱን ዘፈን እንደምትወጂላት ነግረሻት ታውቂያለሽ?