የኪስ ሰዓቱ ወርቅ ነው፣ ማሽኑ ግን የሌላ ሰዓት ሆኖ ተገኘ፤ ገንዘቤን ማስመለስ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ለንደን ነው። ለአባቴ ስጦታ ብዬ ከአንድ የጥንታዊ ዕቃዎች መደብር፣ ሽፋኑ በአበባና በሐረግ ቅርጽ ያጌጠ የወርቅ የኪስ ሰዓት በ2,800 ፓውንድ ገዛሁ። ደረሰኙ «18 ካራት፣ ለንደን፣ 1824፣ ሁሉም ክፍል የራሱ» ይላል። ሰዓት ሠሪ ሲከፍተው ግን ማሽኑ ከሌላ ሰዓት ተወስዶ የተገጠመ መሆኑን ነገረኝ። ባለሱቁ «ያገለገለ ዕቃ አይመለስም፤ ከፈለጉ ሌላ ማሽን አፈላልገን እንቀይርልዎታለን» አለኝ። ከተረከብኩት ሦስት ሳምንት ሆኖታል።

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ «እንቀይርልዎ» ለሚለው ሐሳብ እሺ እንዳይሉ አደራ እላለሁ። በእንግሊዝ የ2015 የሸማቾች መብት ሕግ መሠረት፣ ዕቃው በተገለጸው መልክ ካልተገኘ በ30 ቀን ውስጥ መልሰው ሙሉ ገንዘብዎን መጠየቅ ይችላሉ። ጥገናን አንዴ ከተስማሙ ግን ለሻጩ በቂ ጊዜ ሳይሰጡ ወደዚህ መብት መመለስ አይችሉም። የሚያስፈልግዎ ደግሞ ገንዘብዎ እንጂ ሦስተኛ ማሽን አይደለም።

«አይመለስም» የሚለው ቃል ይህን መብት አያስቀርም። የሰዓቱ ዕድሜ ጭረትንና የደበዘዘ ቅርጽን ያስረዳ ይሆናል፤ «ሁሉም ክፍል የራሱ» ብሎ ጽፎ የተገጣጠመ መሸጥን ግን አያስረዳም።

የማስረዳቱ ሸክም የእርስዎ ስለሆነ እዚህ ላይ ይበርቱ። የሽፋኑን ውስጥ ሲያዩ ዘውድና 18 ቁጥር፣ የለንደን መለያ የሆነው የነብር ራስ፣ የዓመቱ ፊደልም ተመትተው ያገኛሉ። ሻጮች በዚህ ማህተም ይከራከራሉ፤ ማህተሙ ግን የሚመሰክረው ለሽፋኑ ወርቅነት ብቻ ነው፣ ስለ ማሽኑ አንዳች አይናገርም። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሰዓቶች ማሽን ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሠሪው ስምና ቁጥር ይቀረጻል፣ ያው ቁጥር ሽፋኑም ላይ ይገኛል። ሁለቱ ቁጥሮች ከተለያዩ ጎን ለጎን ፎቶ ያንሷቸው። ማሽኑን ለማስገባት አዲስ የተበሳ ቀዳዳ ወይም የተሞረደ ጠርዝ ካለም እንዲሁ። ሰዓት ሠሪው ያየውን በጽሑፍ አስፍሮ ይፈርምልዎት።

ቀጥሎ ሰዓቱን እንደማይቀበሉና ገንዘብዎ እንዲመለስ እንደሚፈልጉ ለሻጩ ዛሬውኑ በኢሜይል ይጻፉ። በስልክ መናገር ይበቃል ብለው እንዳይተዉት። ገንዘቡ እንደሚገባዎት ካመነ በ14 ቀን ውስጥ መክፈል አለበት። በክሬዲት ካርድ ከፍለው ከሆነ፣ በ1974ቱ የሸማቾች ብድር ሕግ አንቀጽ 75 መሠረት ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይና ከ30,000 ያልበለጠ ስለሆነ ካርዱን የሰጠዎት ባንክም አብሮ ይጠየቃል። ሻጩ ዝም ካለ እስከ 10,000 ፓውንድ ያለው ክርክር በአነስተኛ ክሶች ሥርዓት ይታያል፤ ጠበቃ ማቆም ግድ አይደለም።

ተመሳሳይ ግዢ ለምታስቡ አንባቢዎች፦ ያገለገለ ዕቃ ገዢ በአካል ሊገኝበት ከሚችል ሕዝባዊ ጨረታ ሲገዛ ይህ የ30 ቀን መብት የለም።

ጉዳዩ እስኪያልቅ ሰዓቱን አያስወልውሉ፣ ለሌላ ባለሙያም አያስፈቱ። ሻጩ «እናንተ ነካካችሁት» የሚልበት ቀዳዳ አያግኝ። ወደ ሱቁ ሲመልሱትም የተረከበበትን ወረቀት ሳይቀበሉ እንዳይወጡ።