አውሮፓን ፍለጋ መኪና ይዘህ እንዳትሄድ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ትናንት ማታ ከሥራ ስወጣ አየሁት። የአሳይለም (የጥገኝነት) ጉዳይህ ገና ስላልተወሰነ ከአሜሪካ መውጣት አትችልም። ባለቤትህ ደግሞ ለ5ኛ ዓመት የጋብቻ በዓላችሁ «አውሮፓን አሳየኝ» ብላሃለች። እዚሁ አሜሪካ ውስጥ አውሮፓ አውሮፓ የሚሸት ከተማ አለ ወይ ነው ያልከው። አለ። የዛሬ ስድስት ዓመት እኔም ልክ እንዳንተ ነበርኩ። ጉዳዬ ተንጠልጥሎ፣ ሚስቴ በየማታው የፓሪስ ፎቶ እያሳየችኝ፣ እኔ ዋሽንግተን ዲሲ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ የሰው ቁልፍ እየተቀበልኩ። ስለዚህ የምነግርህን ከኢንተርኔት አልቃረምኩትም። ከፍዬበታለሁ።

በመጀመሪያ፣ ከእኔ በፊት «ኩቤክ ውሰዳት» ብሎ የመከረህን ሰው እንዳትሰማ። ኩቤክ ታምራለች፤ በግንብ የታጠረች አሮጌ ከተማ ናት። ግን ካናዳ ናት እኮ! አድቫንስ ፓሮል (ወጥቶ ለመመለስ አስቀድሞ የሚሰጥ ፈቃድ) ሳይፈቀድልህ ድንበር ከተሻገርክ ማመልከቻህን እንደተውከው ነው የሚቆጠረው። ለአንድ ፎቶ ብለህ የስንት ዓመት ልፋትህን ገደል ትከታለህ። ፖርቶ ሪኮ ያለችው አሮጌዋ ሳን ሁዋን የአሜሪካ ግዛት ስለሆነች ነገሯ ይለያል። እስፓኞች በ1521 የቆረቆሯት ናት፤ መንገዷ በሰማያዊ ድንጋይ ተነጥፏል። ቢሆንም ኤርፖርት ላይ ወረቀት ሊጠይቁህ ስለሚችሉ ጠበቃህን ሳታማክር ትኬት አትቁረጥ። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ።)

አሁን በቁጥር ላስቀምጥልህ።

1ኛ. አውሮፓ እንዲመስል የተቀባውን ከተማ አውሮፓውያን ከሠሩት ለይ። የሚስቴ እህት ሲያትል ናት። አንዴ ልንጠይቃት ሄደን «ጀርመንን ላሳያችሁ» ብላ ሌቨንወርዝ ወሰደችን። ከሁለት ሰዓት በላይ ነድተህ፣ ተራራውን አቋርጠህ፣ ድንገት ባቫሪያ ውስጥ ትገባለህ። የእንጨት በረንዳ፣ አበባ፣ ቋሊማ፣ ቢራ። ሃምበርገር ቤቱ ሳይቀር የጀርመን ጎጆ መስሏል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ከተማዋ የምትኖረው በእንጨት ሥራ ነበር። ባቡሩ መንገድ ቀየረ፣ መሰንጠቂያው ተዘጋ፣ ሰው ለቆ ሄደ። በ1960ዎቹ የቀሩት ነዋሪዎች ተማከሩና ሱቆቻቸውን በባቫሪያ መልክ አደሱ። ቱሪስቱ ጎረፈ። ብልሃታቸውን አደንቃለሁ፤ ለገና ጊዜም መብራቱ ደስ ይላል። ጆርጂያ ያለችው ሄለንም በ1969 ያንኑ ነው ያደረገችው፤ አትላንታ ያላችሁ ታውቋታላችሁ። ካሊፎርኒያ ያለችው ሶልቫንግ ትንሽ ትሻላለች፤ በ1911 የመሠረቷት እውነተኛ ዴንማርካውያን ናቸው። ግን ለጋብቻ በዓል? ግማሽ ቀን ይበቃታል።

2ኛ. ቦስተን ሂድ። መኪና ግን እንዳትይዝ። ይህችን ሦስት ጊዜ አንብባት።

ቦስተንን እንግሊዞች በ1630 ነው የቆረቆሯት። አሮጌው ክፍሏ መኪና ከመፈጠሩ በፊት ስለተሠራ መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው። የተለካው ለእግርና ለፈረስ ነው። አውሮፓ ያስመሰላትም ይኸው ነው። እኔ ግን ይህን መች አሰብኩ? ከዲሲ 440 ማይል ያህል ነድቼ ገባሁ። ያገባነው ፍልሰታ እንደተፈታ ስለነበር ጊዜው የኦገስት መጨረሻ ነው። ሆቴሉ ለመኪና ማሳደሪያ በቀን 52 ዶላር አለኝ። አስበው እንግዲህ፤ ዘጠኝ ዓመት ፓርኪንግ ስሸጥ የኖርኩ ሰው ፓርኪንግ ልግዛ? ሞቼ ነው! ሚስቴን ሆቴል አወረድኩና ሰፈር ለሰፈር መዞር ጀመርኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ዞርኩ። ድንገት አንድ መንገድ ላይ ሰፊ ቦታ አገኘሁ፤ ከፊቱም ከኋላውም ባዶ። «እግዜር ሰጠኝ» ብዬ አቆምኩ። ምሰሶው ላይ ሁለት ምልክት ነበር። የላይኛው ስለ ሚትሩ (ስለ ማቆሚያ ክፍያው) ሰዓት ነው፤ አነበብኩት። የታችኛውን አላነበብኩም።

በነጋታው ቡና ጠጥተን ስንመጣ መኪናዋ የለችም። አስፋልቱ ርጥብ ነው፤ ገና ተጠርጎ ማለቁ ነው። ቦታው ማታ ለምን ባዶ እንደነበር ያኔ ገባኝ። የጽዳት ቀን ነበር፤ ቶው አድርገዋታል፣ ጎትተው ወስደዋታል።

ሚስቴን «አንቺ ከተማውን እይ፣ አሁን መጣሁ» ብዬ ታክሲ ያዝኩ። ከከተማ ወጣ ያለ፣ በሽቦ የታጠረ ግቢ ነው። መስታወት ጀርባ አንዲት ሴትዮ ተቀምጣለች። ደህና አደርሽ አልኳት፤ ቀና ብላ አላየችኝም። በጣቷ መስታወቱ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ጠቆመችኝ። መኪናዋ የተመዘገበችበት ሰው ራሱ ከነመታወቂያው መምጣት አለበት ይላል። መኪናዋ ደግሞ በሚስቴ ስም ናት። «ሚስቴ ናት፣ በስልክ ላገናኝሽ» አልኳት። «ቀጣይ!» አለች። ከኋላዬ ማንም አልነበረም።

እንግዲህ ይህን ስነግርህ አሁንም ደሜ ይፈላል። እኔም መስታወት ጀርባ ነው የኖርኩት። ቲኬት ጠፋብኝ የሚል፣ የሰከረ፣ የሚሳደብ፣ ሁሉም በኔ በኩል አልፏል። አንድ ቀን ሰው ሳላይ አላናገርኩም። ልጁን ሆስፒታል አድርሶ ቦርሳውን የረሳ ሰውዬ ከኪሴ ከፍዬለት አውቃለሁ፤ ሳምንት ቆይቶ ከነኬኩ መጣ። ሥራ ሥራ ነው፣ ሰው ግን ሰው ነው።

ተመለስኩ፣ ሚስቴን ይዤ እንደገና ሄድኩ። ማንሻው፣ ማሳደሪያው፣ ቅጣቱና የታክሲው ተደምሮ 340 ዶላር። በካሽ። መኪናዋን ይዤ ቀጥታ ወደ ሆቴሉ ጋራዥ ገባሁና 52 ዶላሬን ከፈልኩ። ቁልፉን የተቀበለኝ ልጅ አበሻ ሆኖ አረፈው። «ጋሼ፣ ማታውኑ ብታመጣት ኖሮ» አለኝ። ሚስቴ ያን ሁሉ ሰዓት ዝም ብላ ቆይታ እዚህ ላይ ሳቋ አመለጣት።

በእግራችን ከሆንን በኋላ ግን ቦስተን ሌላ ቦታ ሆነች። ቢከን ሂል የሚባለው ሰፈር ላይ የጋዝ መብራቶቹ ቀንም ማታም ይነዳሉ። ኤከርን ስትሪት የምትባል ቀጭን መንገድ አለች፤ በወንዝ ድንጋይ የተነጠፈች። ዱሮ የሀብታሞቹ ሠረገላ ነጂዎች የሚኖሩባት ነበረች። አሁን ሙሽራ ሁሉ የሚሰለፍባት ናት። ጠዋት በማለዳ ሂዱ፤ ረፈድ ካለ ወረፋ ነው። ኖርዝ ኤንድ የጣሊያኖች ሰፈር ነው። እኛ የደረስነው የቅዱስ አንቶኒዮስ በዓል ላይ ነው፤ ከ1919 ጀምሮ በየዓመቱ በኦገስት መጨረሻ ያከብሩታል። የቅዱሱን ሐውልት ተሸክመው፣ ማርሽ ባንድ አስከትለው በየመንገዱ ያዞሩታል። ሰው ከየቤቱ እየወጣ ዶላር በመርፌ ይሰካለታል። ሚስቴ «ውይ፣ ይሄማ ንግሥ ነው!» ብላ እልልታዋን ለቀቀችው። አሮጊቶቹ ጣሊያኖች ዞረው አይተው አጨበጨቡላት። ከጠቅላላ ጉዞው እሷ የምታወራው ይህን ነው። እኔ የማወራው ስለ ሴትዮዋ ነው።

ባቡር ከዲሲ ዩኒየን ስቴሽን ተነስቶ ቦስተን ሳውዝ ስቴሽን ያወርድሃል። ስምንት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከዚያ ኖርዝ ኤንድ በእግር ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ቀደም ብለህ ከቆረጥክ ይረክሳል።

ስንተኛ ላይ ነበርኩ? 3 ይሁን። ኒው ኦርሊንስ። አሮጌውን ክፍሏን የፈረንሳዮች ሰፈር ይሉታል፣ በ1718 የቆረቆሯት እነሱ ናቸውና። ግን በ1788 እና በ1794 በእሳት ስትነድ ገዢዎቹ እስፓኞች ነበሩ። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ የተሠራው ግቢው፣ ቅስቱ፣ ብዙው የእስፓኝ ነው። ግድግዳ ላይ የመንገዶቹን የእስፓኝኛ ስም የያዙ ሸክላዎች ታያለህ። በጋ ላይ አትሂድ፤ ሙቀቱ አዋሽን ያስንቃል። ከ1862 ጀምሮ ያለ ካፌ ዱ ሞንድ የሚባል ቤት አለ፤ እንደ ብስኩት ያለ ጥብስ በዱቄት ስኳር ቀብረው ያመጡልሃል። ጥቁር ልብስ አትልበስ። ቡናቸው ውስጥ ቺኮሪ የሚባል የተቆላ ሥር ይጨምራሉ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ወደብ ተዘግቶ ቡና ሲጠፋ ነው ልማዱ የተስፋፋው። እኛ ጦርነቱ ካለቀ ስንት ዘመኑ ብለን ሳቅን። ሆቴል ስትይዝ ደግሞ «የአውሮፓ ስታይል» የሚል ማስታወቂያ ካየህ መታጠቢያው የጋራ መሆን አለመሆኑን ጠይቅ። እኛ ፎጣ ታጥቀን ኮሪደር ላይ ተሰልፈናል።

ሴንት ኦገስቲንን፣ ፍሎሪዳን፣ በአጭሩ ልንገርህ። እስፓኞች በ1565 የመሠረቷት ናት። የባሕር ዳር ግንቧ ከዛጎል ድንጋይ ነው የተሠራው፤ የመድፍ ጥይት ሲመታው አይሰነጠቅም፣ ይውጠዋል። ሥራው በ1672 ተጀመረ ብሎ አስጎብኚው ሲኩራራ፣ አፄ ፋሲል የጎንደርን ግንብ ጨርሰው አርፈው ነበር ብዬ ነገርኩት። ፎቶ አሳየኝ አለ። አሳየሁት።

ገንዘቡ ካጠረህ ግን አፍንጫህ ሥር፣ ከዲሲ ወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ አለችልህ። በ1749 የተመሠረተች ናት። በሜትሮ ኪንግ ስትሪት ወርደህ በነፃዋ ትሮሊ አውቶቡስ እስከ ወንዙ ድረስ ሂድ። ፕሪንስ ስትሪት ታችኛው ጫፍ ላይ የድንጋይ ንጣፍ መንገድ አለ፤ ለልምምድ መጀመሪያ እዚያ ውሰዳት። ባለቤትህ ተረከዝ ያለው ጫማ እንዳታደርግ ንገራት። የኔዋ ኤከርን ስትሪት ላይ አንዱን ሰብራ ቀሪውን መንገድ በእኔ ነጠላ ጫማ ነው የሄደችው። እኔ በካልሲ።