«ሳይቤሪያ ለሱሉልታ ምኗ ነው?»

ልጄ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነሽ፣ ሚቲዎሮሎጂ (የአየር ሁኔታ ሳይንስ) ማጥናት ትፈልጊያለሽ። ድርቆሽና ወተት የሚሸጡት አባትሽ ደግሞ «የሳይቤሪያ ብርድ ለሱሉልታ ምኗ ነው? አካውንቲንግ ተማሪና ባንክ ግቢ» ይላሉ።

አባትሽ በዚህ ተሳስተዋል፤ ነገሩ የእሳቸውኑ ኪስ ይነካል። የሩሲያዋ ሳይቤሪያ በበረዶ ስትሸፈንና ሌሊቱ ሲረዝም ምድሪቱ ሙቀቷን ወደ ሰማይ ትለቃለች። መሬት የተጠጋው አየር ቀዝቅዞ ይከብዳል፤ በደቡብ ተራሮች ስለሚያግዱት እዚያው ይከማቻል፣ የአየር ግፊቱም ከፍ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1968 የመጨረሻ ቀን ሳይቤሪያ ውስጥ ባለችው አጋታ 1083.8 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ተመዝግቧል፤ በባሕር ወለል የተለመደው 1013 ነው። የዚህ ግፊት ክንፍ በዐረቢያ በኩል ሲዘረጋ ደረቅ የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ይደርሰናል። ብርዱ ራሱ መንገድ ላይ ይለዝባል፤ እኛ ጋ የሚደርሰው ድርቀቱ ነው። ሰማዩ ሲጠራና ነፋሱ ጋብ ሲል የሱሉልታ ሜዳ የቀን ሙቀቱን ሌሊት ያጣል፣ ውርጭ ይወርዳል። ክንፉ ሲያፈገፍግ ደግሞ ከሰሜን ዝቅተኛ ግፊት ይጠጋና በኅዳር ያልታሰበ ዝናብ ይጥላል። የታጨደ ድርቆሽ ይሻግታል። ይህን ቀድሞ የሚናገር ባለሙያ ለአባትሽ አይጠቅምም?

ስለ ገንዘቡ አልዋሽሽም፦ የመንግሥት ደመወዝ ቀጭን ነው። ግን የአካውንቲንግ ዲግሪ ይዞ ሥራ የሚፈልግ ወጣት በየሰፈሩ ሞልቷል። እኔ ብሆን የአቪዬሽን ትንበያን፣ ማለትም ለአውሮፕላን በረራ የሚሠራ የአየር ሁኔታ ትንበያን፣ አስቀድማለሁ። የሌሊት ተረኛነቱ ይከብዳል፤ ሙያው እጅ ውስጥ የሚገባው ግን እዚያ ነው።

ሩሲያኛ አያስፈልግሽም። ሒሳብ 64 ማግኘትሽ ግን ያሳስበኛል፤ ካልኩለስና ቴርሞዳይናሚክስ አይታለፉም። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ አለ፤ ሩቅ ነው ብለሽ አትተዪው።

ከመወሰንሽ በፊት አንድ በጋ ለኪ። የሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት ይዘው የሚቆዩ ሁለት ቴርሞሜትሮች ያስፈልጉሻል። አንዱን ነጭ በተቀባና አየር በሚያሳልፍ ሣጥን ውስጥ 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ አስቀምጪ፤ ሌላውን ሣሩ ጫፍ ላይ አጋድሚው። ከግድግዳና ከቆርቆሮ አጥር አርቂያቸው፤ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ሌሊት ስለሚመልስ፣ አጥርም ሰማዩን ስለሚከልል ንባቡን ያበላሹታል። የታችኛውን ፀሐይ ሳያገኘው አንሺው። ሁሌ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሁለቱንም አንብበሽ ጠቋሚያቸውን ለቀጣዩ ሌሊት ወደ መነሻው መልሺ፤ የታችኛውን ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ሣሩ መልሺው፤ ከሰማዩ ስምንት እጅ ስንቱን ደመና እንደሸፈነውና ነፋሱን ጻፊ። የላይኛው 3 ዲግሪ ሲል የታችኛው ከዜሮ በታች ቢወርድ ተበላሸ አትበይ፤ ውርጭ የሚሠራው እንዲሁ ነው። ስልክሽ የአየር ሁኔታ መተግበሪያ ላይ የምታዪውን 1020 ገደማ የአየር ግፊት ደግሞ እንዳለ አትቀበዪ፤ ወደ ባሕር ወለል ተሰልቶ ነው። ሱሉልታ ላይ ትክክለኛው 740 ገደማ ነው።