«ይሟሟል» ወይስ «ይበተናል»?

ጥያቄ (ከጅማ)፦ ከጀንፈል ቡና ገለፈት ያወጣነውን የሴሉሎስ (የዕፅዋት ክር የተሠራበት ነገር) ናኖ ክር፣ ማለትም በዓይን የማይታይ ደቃቅ ክር፣ ከዚንክ ኦክሳይድ ናኖ ክሪስታል ጋር ቀላቅለን ወረቀት የምንሠራበትን ቅደም ተከተል በአማርኛ እየጻፍን ነው፤ ረቂቁን አያይዘናል። «ዚንክ ኦክሳይዱ ውሃ ውስጥ ይሟሟል» ማለት ያስኬዳል? ወረቀቱንስ «ውሁድ ወረቀት» እንበለው?

መልስ፦ አያስኬድም። ጨው ሲሟሟ ቅንጣቱ ይጠፋል። ወረቀታችሁ አልትራቫዮሌት ጨረር የሚከላከለው ግን ክሪስታሉ ሳይፈርስ ሲቆይ ነው፤ ስለዚህ «ይበተናል» በሉ። «ይሟሟል»ን ለብልሽቱ አቆዩት። ፈሳሹ አሲድ ከሆነ ዚንክ ኦክሳይዱ የእውነት ይሟሟል፤ የሚለቀቀው የዚንክ አየንም (ቻርጅ ያለው የዚንክ ቅንጣት) ክሮቹን እርስ በርስ አያይዞ ፈሳሹን ያዝለገልገዋል። ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ7 እስከ 8 ይሁን።

«ጓጎለ» እና «ዘቀጠ»ም አይምታቱ። በኦክሲዴሽን የተዘጋጀ የሴሉሎስ ክር ኔጌቲቭ ቻርጅ አለው፤ ዚንክ ኦክሳይድ በዚህ ፒኤች ፖዚቲቭ ነው። ባንዴ ከተደፋ ይሳሳቡና ይጓጉላል፤ የጓጎለው ደግሞ ሲከብድ ይዘቅጣል። የዘቀጠበት ወረቀት አንድ ፊቱ ክሪስታል ይበዛበትና ሲደርቅ ይጠቀለላል። ስለዚህ መመሪያው «ይጨመራል» ብሎ ባያበቃ ጥሩ ነው፤ «እየተማሰለ በጠብታ ይጨመራል» ይበል።

በረቂቁ ያለው «20 በመቶ ዚንክ ኦክሳይድ» የሚለው ሐረግም ጎዶሎ ነው፤ የምኑ 20 በመቶ? 200 ሚሊ ሊትር የ0.2 በመቶ የክር ፈሳሽ 0.4 ግራም ደረቅ ክር ይይዛል። ከደረቁ ወረቀት 20 በመቶ ከሆነ 0.1 ግራም ይገባል፤ ከክሩ ክብደት ከሆነ 0.08 ግራም። የመጀመሪያው፣ ከክሩ ጋር 0.5 ግራም የሚሆነው፣ 9 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ማጥለያ ላይ በካሬ ሜትር 79 ግራም ገደማ ይወጣዋል፤ ከተለመደው የ80 ግራም ፎቶኮፒ ወረቀት ጋር ተቀራራቢ ነው።

«ውሁድ» በኬሚስትሪ መማሪያ እንደ ውሃ ያለ፣ ንጥረ ነገሮቹ ጠባያቸውን የለወጡበት ነው። እዚህ ሴሉሎሱም ክሪስታሉም እንደነበሩ ናቸው። «ድብልቅ» ስህተት የለበትም፤ ግን እንደ ዱቄት የተቀላቀለ ያስመስላል። እኔ «ኮምፖዚት ወረቀት»ን (ክፍሎቹ ጠባያቸውን ሳይለቁ አንድ ላይ የተያያዙበትን) እመርጣለሁ፤ መጀመሪያ በሚጠቀስበት ቦታ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይብራራ።

በረቂቁ ያለውን «ማጣራት»ንም በ«ማጥለል» ለውጡት። የምትፈልጉት ማጥለያው ላይ የሚቀረውን እንጂ የወረደውን ውሃ አይደለም፤ «የተጣራው ይወሰዳል» ብላችሁ ብትጽፉ ግን ረዳታችሁ ውሃውን አስቀምጦ ወረቀቱን ሊደፋው ይችላል።