ስለ ዝግባ ጠይቁኝ

ጋሽ ደምሴ፦ ዕድሜዬን በችግኝ ጣቢያ ከዝግባ ጋር ነው ያሳለፍኩት። የቻልኩትን እመልሳለሁ። ቦታውንና ከፍታውን ሳትነግሩኝ ግን «ይበቅላል ወይ?» አትበሉኝ።

ሰላም፦ ዝግባና ጥድ አንድ አይደሉም እንዴ?

ጋሽ ደምሴ፦ አይደሉም። የጥድ ቅጠል እንደ ቅርፊት ተደራርቦ የተጣበቀ ነው፤ የዝግባው ጠባብና ጠፍጣፋ ነው።

ዲያቆኑ፦ ዳዊት «እንደ ሊባኖስ ዝግባም ያድጋል» ያለው የእኛን ነው?

ጋሽ ደምሴ፦ የሊባኖሱ ሌላ ዛፍ ነው። ፓይን ከሚባለው መርፌ ቅጠል ዛፍ ወገን ነው፤ የእኛው ከዚያ ወገን አይደለም።

ሙሌ፦ ታዲያ መጽሐፉ ተሳስቷል ማለት ነው?

ዲያቆኑ፦ ማን ተሳሳተ አለ? እዚህ የሌለን ዛፍ በምናውቀው ስም መጥራት ስሕተት አይደለም።

ሙሌ፦ ስሙ አንድ ከሆነ ሰው ይሳሳታላ!

ጋሽ ደምሴ፦ በቃ፣ ወደ ዛፉ እንመለስ።

ጋይንቴው፦ የደብራችን ትልቁ ዝግባ አንድ ቀን እንኳ አፍርቶ አያውቅም። «መካን ነው፣ ለጣውላ ይሁን» እያሉ ነው።

ጋሽ ደምሴ፦ እባካችሁ አታስቆርጡት! ዝግባ ወንዴና ሴቴው ለየብቻ የሚቆም ዛፍ ነው። የእናንተው ወንዴ ይሆናል። ወንዴ አያፈራም፤ ብናኙን ለነፋስ ይሰጣል፣ ሴቴዋ በዚያ ታፈራለች። ወንዴው ከተቆረጠ የሴቴዋም ዘር ይመክናል። መጋዝ የሚመርጠው ደግሞ ረጅሙንና ቀጥ ያለውን ነው፤ እስከ 45 ሜትር የሚደርሰውን። ሙኔሳ ሻሸመኔ ደን ውስጥ ስንቱ ግንድ በዚህ አለቀ! የ1986ቱ የደን አዋጅ ዝግባን ከጥድ፣ ከኮሶና ከዋንዛ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። የደብር ዛፍን ግን የሚጠብቀው ደብሩ ነው። ደግሜ እላለሁ፤ አላፈራም ተብሎ ዝግባ አይቆረጥም።

ሰላም፦ እኔ ዘሩን ዘርቼ አልበቀለም፤ ለምን?

ጋሽ ደምሴ፦ የት? መቼ የተለቀመ? እንዲህ እየጠየቃችሁኝ ምን ልመልስ? ዘሩ እንደ ድንጋይ የጠና ልባስ አለው፤ ውስጡን ሳትጎጂ ሰንጥቂው። የዕፅዋት ተመራማሪው ፕሮፌሰር ለገሠ ነጋሽ በዚሁ ላይ ብዙ ደክመዋል። ትኩሱን ዝሪ፤ ለመብቀል ወራት ሊቆይ ስለሚችል ተስፋ ቆርጠሽ መደቡን አትገልብጪው። ችግኙ ጥላ ይወዳል፤ ሙኔሳ ላይ ባህር ዛፍ ሥር ሳይቀር በራሱ ይበቅላል።

ሙሌ፦ ለቤት ቋሚ ይሆናል?

ጋሽ ደምሴ፦ መሬት ከነካ ምስጥ ይበላዋል። ስለ ጣውላ አትጠይቁኝ።

አበበ፦ ግቢዬ አንድ ዝግባ ልተክል ነው። ሴቴዋን ችግኝ በምን ልለይ?

ጋሽ ደምሴ፦ ከላይ ያልኩትን አላነበብክም መሰለኝ። ችግኝ ላይ አይለይም። አንድ ብቻ አትትከል! አምስት ስድስት አድርገው፤ ቦታ ከሌለህ ከጎረቤት ጋር ተካፍለህ ትከል።

ጋይንቴው፦ ሰበካ ጉባኤው እሑድ ይሰበሰባል። ምን ልበላቸው?

ጋሽ ደምሴ፦ ከእሑድ በፊት በአካባቢው የሚያፈራ ዝግባ ፈልግ። ካገኘህ ከሥሩ የበቀለ ችግኝ ይዘህ ግባ፤ «አባቱ ይህ ልትቆርጡት ያላችሁት ሊሆን ይችላል» በላቸው።